የካሮቲድ ግድግዳ ውፍረትን በአልትራሳውንድ መለካት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መጀመሪያ፦ የቱ ቦታ ይለካ?

ካሮቲድ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚወጣው ደም ቅዳ ሲሆን ማንቁርት ግድም ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ለጥናት የሚለኩት ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ ሳይከፈል ያለው የጋራ ግንድ፣ መክፈያው ላይ የሚሰፋው ባልብ፣ ወደ አንጎል የሚገባው የውስጥ ቅርንጫፍ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ 15,792 ሰዎችን ይዞ የተጀመረው ኤሪክ የተባለው ጥናት ሦስቱንም ይለካ ነበር። በዚህ ጥናት የተመረጠው የጋራው ግንድ የመጨረሻ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ከፕሮቡ (አንገት ላይ ከሚያርፈው የማሽኑ ድምፅ ላኪና ተቀባይ) የራቀው ግድግዳ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጋራው ግንድ ቀጥ ብሎ ከቆዳው ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ የድምፁ ሞገድ በ90 ዲግሪ ያርፍበታል። ባልቡና የውስጥ ቅርንጫፉ ግን ይጠማዘዛሉ፣ ወደ መንጋጋ ሥርም ይገባሉ። አጭርና ወፍራም አንገት ባላቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይገኙም፤ የጎደለው መረጃ ታዲያ የሚጎድለው ይበልጥ ሊታዩ ከሚገባቸው ሰዎች ነው። ይህን በኋላ በስታቲስቲክስ መጠገን አይቻልም።

የራቀው ግድግዳ የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ የፊዚክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጣሊያናዊው ፓኦሎ ፒኞሊ ከባልደረቦቹ ጋር ከአስከሬን የተወሰዱ የደም ቅዳ ቁራጮችን በአልትራሳውንድና በማይክሮስኮፕ አነጻጽሮ ሁለት ደማቅ መስመሮችን አሳየ፤ በመካከላቸው ጠቆር ያለ ሰቅ አለ። ከመጀመሪያው መስመር የላይኛ ጠርዝ እስከ ሁለተኛው መስመር የላይኛ ጠርዝ ያለው ርቀት የኢንቲማና የሚዲያ፣ ማለትም የግድግዳው የውስጠኛና የመካከለኛ ንብርብሮች፣ ድምር ውፍረት ነው። ሁለቱን ንብርብሮች ለየብቻ መለካት በዚህ መሣሪያ አይቻልም። ለፕሮቡ በቀረበው ግድግዳ ላይ ግን የሚፈለገው ድንበር የሚወድቀው በተመላሹ ድምፅ ጭራ ላይ ነው፤ ጭራው ደግሞ ጌይን (የተመላሹ ድምፅ ማጉያ) ሲጨመር ይረዝማል፣ ሲቀነስ ያጥራል። እዚያ የሚለካው ደም ቅዳው ሳይሆን የማሽኑ ቁልፍ ነው።

መስከረም መጨረሻ፦ ስንት ሰው?

በሁለት ቡድኖች አማካይ ውፍረት መካከል የሚፈለገው ልዩነት 0.03 ሚሊ ሜትር ነው እንበል፤ በሰውና በሰው መካከል ያለው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የመበታተን መለኪያ) ደግሞ 0.15። በ80 በመቶ የማግኘት አቅምና በተለመደው የ0.05 ወሰን በየቡድኑ 392 ሰው ያስፈልጋል። በዝርክርክ ቀረጻና ንባብ ምክንያት ያው 0.15 ወደ 0.18 ከፍ ካለ ቁጥሩ 564 ይሆናል። ልዩነቱ በየቡድኑ 172 ሰው ነው፤ ያውም ከነትራንስፖርት፣ ከነላብራቶሪ፣ ከነስምምነት ቅጹ። ስለዚህ ገንዘቡ ውድ ሶፍትዌር ላይ ከመዋሉ በፊት የሶኖግራፈሮች (ምስሉን በአልትራሳውንድ የሚቀርጹት ባለሙያዎች) ሥልጠና ላይ ይዋል የሚል ውሳኔ ተይዟል። ሶፍትዌር መጥፎ ምስልን አያድንም፤ መጥፎውን ምስል በልበ ሙሉነት ይለካዋል እንጂ።

ይህ ልኬት ለቡድን እንጂ ለአንድ ሰው አይደለም፤ ጉዳዩ ከአሁኑ በፕሮቶኮሉ ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2012 የ16 ጥናቶችን 36,984 ሰዎች ያቀናጀ ትንታኔ አንድ ሰው ላይ በሁለት ጊዜ ልኬት መካከል የታየው ለውጥ ወደፊት የሚደርስበትን የልብና የአንጎል አደጋ እንደማይተነብይ አሳይቷል። በ2020 ደግሞ የ119 የሕክምና ሙከራዎች ድምር፣ 100,667 ሰዎች፣ የግድግዳው ውፍረት ዕድገት በቡድን ደረጃ ሲዘገይ አደጋውም እንደሚቀንስ አገኘ። ሁለቱ አይጋጩም። በአንድ ሰው ላይ በዓመት የሚጨምረው በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ በልኬት ስህተት ይዋጣል፤ ብዙ ሰው ሲደመር ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የአሜሪካ ካርዲዮሎጂ ኮሌጅም እ.ኤ.አ. በ2013 መመሪያቸው ይህን ልኬት ለየሰዉ የአደጋ ግምት በመደበኛ ሕክምና ላይ እንዳይውል መክረዋል።

ጥቅምት፦ ማሽኑ

ሊኒየር ፕሮብ፣ ቢያንስ 7 ሜጋኸርትዝ። በ10 ሜጋኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት በሰው ሥጋ ውስጥ 0.154 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቆልፏል፤ ምስሉ በ600 ፒክስል ቁመት ከተሳለ አንድ ፒክስል 0.067 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጥልቀቱ ወደ 6 ቢወርድ ፒክስሉ 0.1 ይደርሳል። የሚፈለገው የቡድን ልዩነት ከአንድ ፒክስል ያንሳል፤ ስለዚህ ጥልቀትን እንደ አንገቱ መቀያየር የማይታይ የልዩነት ምንጭ ይፈጥራል።

ፕሪሴቱ (ቀድሞ የተቀመጠው የማሽኑ ማስተካከያ) በጥናቱ ስም ተቀምጦ በይለፍ ቃል ተዘግቷል። ፎከስ በራቀው ግድግዳ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፤ ዳይናሚክ ሬንጅ ወደ 60 ዴሲቤል፤ በሰከንድ ከ25 ፍሬም በላይ። ሃርሞኒክ፣ ኮምፓውንድና ምስል አለስላሽ ፊልተሮች ሁሉ ጠፍተዋል። ሐኪም ቤት ለምርመራ የሚመረጡት እነዚሁ ናቸው፤ ምስሉን ያሳምራሉ፣ ግን ጠርዙን ያደበዝዛሉ፣ ያንቀሳቅሳሉም። የቱም ቢመረጥ ከመጀመሪያው ተሳታፊ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑ ከምርጫው ይበልጣል።

ጌይን ብቻ ለሶኖግራፈሩ ተትቷል። መለኪያው፦ የደም ቅዳው ውስጥ ጥቁር ይሁን፣ የራቀው ግድግዳ አድቬንቲሺያ (የውጨኛው ንብርብር) ብሩህ ይሁን ነገር ግን ነጭ ሆኖ አይፈስ።

ርቀትን ለመፈተሽ የውኃ ገንዳ ውስጥ ናይሎን ክር ዘርግቶ መለካት ርካሽ መንገድ ነው፤ ወጥመድ ግን አለበት። ማሽኑ ድምፅ በሰከንድ 1540 ሜትር ይሄዳል ብሎ ያሰላል፤ በክፍል ሙቀት ባለ ውኃ ግን 1480 ገደማ ነው። ርቀቱ 4 በመቶ ያህል ረዝሞ ይታያል። ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ቴክኒሽያን ከመጥራት በፊት ይህን ማስላት ይበጃል፤ የተዘጋጀ ፋንተም (የሰውን ሥጋ መስሎ የተሠራ መፈተሻ) ካለ ደግሞ ጣጣው ይቀራል።

ጥቅምት መጨረሻ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ መለያ

የማሽኑ ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በፈረንጆች ቀን ተቀምጧል። «ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ በቅጹ ላይ የተጻፈ ቀጠሮ ማሽኑ ላይ 09:00 ነው፤ ሁለቱ በኋላ ሲዛመዱ የ6 ሰዓት ክፍተት ያመጣሉ። የባሰው የትውልድ ዘመን ነው። ተሳታፊው 1960 ሲል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ሰውየው 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል። ዕድሜ ለግድግዳው ውፍረት ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ስለሆነ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። መፍትሔው፦ ማሽኑ ውስጥ ስምም ልደትም አይገባም፣ የጥናት ቁጥር ብቻ። ዕድሜ የሚሰላው በመረጃ ቅጹ ላይ፣ የዘመን አቆጣጠሩ ተለይቶ ተጽፎ ነው።

ክፍሉ ደብዘዝ ያለ፣ አልጋው በሁለቱም ጎን መዞሪያ ያለው ይሁን። ዩፒኤስ ግዴታ ነው፤ መብራት መሐል ላይ ሲጠፋ ያልተቀመጠ ቪዲዮ ይጠፋል፣ አንዳንድ ማሽንም ሲነሳ ወደ ፋብሪካው ፕሪሴት ይመለሳል። ከእያንዳንዱ መብራት መቆራረጥ በኋላ ፕሪሴቱን ማረጋገጥ በዝርዝሩ ላይ ገብቷል።

ኅዳር፦ እጅ

ተሳታፊው በጀርባው ተኝቶ 10 ደቂቃ ያርፋል፤ የደም ግፊቱ ይለካል፤ ራሱ ከሚታየው ጎን ተቃራኒ 45 ዲግሪ ያህል ይዞራል። 45 ዲግሪ ላይ የተቆረጠ ስፖንጅ ከጭንቅላቱ ጎን ማስቀመጥ ማዕዘኑን ለሁሉም እኩል ያደርገዋል። ከፍ ያለ ትራስ አንገትን አጥፎ ፕሮቡን ከመንጋጋ ጋር ያጣላል፤ በፎጣ ጥቅል አንገትን ከሥር መደገፍ ይሻላል። ማተብ ያሰረ ሰው እንዲፈታው አይጠየቅም፤ ወደ አገጭ ወይም ወደ ማጅራት ሸርተት ተደርጎ በሶፍት ከጄሉ ይሸፈናል። ሴቶች ሻርፕ ወይም ሂጃብ ሲያወልቁ መጋረጃ ይኑር፤ ሴት ሶኖግራፈር የምትፈልግ ተሳታፊ ካለች ቀጠሮው ላይ ቀድሞ ይታወቅ። ንግግሩ አጭር ነው፦ «እማማ፣ አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉልኝ። አሁን ለትንሽ ጊዜ ምራቅ አይዋጡ።» ትንፋሽ ያዙ ማለት አያስፈልግም፤ እንዲያውም አንዳንዱ አምቆ ስለሚይዝ የአንገቱ ደም መልስ ይነፋና ምስሉ ይቀየራል። ቀስ ብሎ መተንፈስ ይበቃል።

መጀመሪያ አግድም ይታያል፦ ከደረት አጥንት ጫፍ እስከ መንጋጋ ማዕዘን በዝግታ፣ ሳይጫን። ይህ ለፕላክ (ግድግዳው ላይ የተከማቸ እብጠት) ፍለጋም፣ መክፈያው የት እንዳለ ለማወቅም ነው። ጄሉ በዛ ብሎ የፕሮቡ ክብደት ብቻ መዋል አለበት። የደም መልሱ ጠፍጣፋ ከሆነ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ክፍት ሲሆን ራሱ ድምፅን በደንብ የሚያሳልፍ መስኮት ነው። መክፈያው አጠገብ ጠንክሮ መጫን የልብ ምትን ሊያዘገይ ይችላል፤ ሁለቱን ጎኖች በአንድ ጊዜ መጫን ደግሞ ጭራሽ አይደረግም።

ከዚያ ፕሮቡ ወደ ቁመት ይዞራል። ዋናው ጥበብ እዚህ ነው፤ ብዙው ስህተትም የሚወለደው እዚሁ ነው። ምስሉ የደም ቅዳውን መሐል ለመሐል መቁረጥ አለበት። ከመሐል ወጣ ሲል ግድግዳው በሰያፍ ይቆረጥና ወፍሮ ይታያል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የውስጥ ራዲየሱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 0.60 ሚሊ ሜትር የሆነ ደም ቅዳ ከመሐሉ 1 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ ሲቆረጥ 0.63 ይነበባል። 2 ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ 0.76። የመጀመሪያው ስህተት ብቻውን የጥናቱን ሙሉ የሚፈለግ ልዩነት ያህላል።

መሐሉ መገኘቱ የሚታወቀው በቅርቡም በራቀውም ግድግዳ ላይ ድርብ መስመሩ በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ የውስጥ ስፋቱም ከፍተኛው ላይ ሲደርስ ነው። የራቀው ግድግዳ ብቻ ጥርት ብሎ የቅርቡ ከደበዘዘ ፕሮቡ አጋድሏል። ደም ቅዳው በስክሪኑ ላይ ዘንበል ካለ የፕሮቡን አንድ ጫፍ በጄል ላይ ከፍ አድርጎ ማዘንበል ያቃናዋል፤ በ20 ዲግሪ የተጋደለ ደም ቅዳ ላይ ቁልቁል የሚለካ ሰው 6 በመቶ ይጨምራል። ሶፍትዌሩ ከግድግዳው ጋር በ90 ዲግሪ የሚለካ መሆኑ ቢረጋገጥም ዘንበል ያለ ግድግዳ ድምፁን ወደ ፕሮቡ ስለማይመልስ መስመሩ ይቆራረጣል።

ባልቡ መስፋት የሚጀምርበት ነጥብ በስክሪኑ ዳር እንዲታይ ይደረጋል፤ ካለዚያ የሚለካው 1 ሴንቲ ሜትር የት እንደሆነ ማንም በኋላ ሊያረጋግጥ አይችልም። በየጎኑ ከሦስት ማዕዘን ይቀረጻል፦ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። ማዕዘኑን ለማስታወስ የሜየር ቅስት የተባለው ዲግሪ የተጻፈበት ግማሽ ክብ በአንገቱ ዙሪያ ይቀመጣል፤ ያነበቡት ዲግሪም በስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ለክትትል ዙር ያለዚህ ቁጥር መመለሻ የለም።

ጭማሪ፦ እንቅርት ያለባቸው ተሳታፊዎች ላይ ደም ቅዳው ወደ ጎንና ወደ ጥልቁ ይገፋል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛ ፕሪሴት በ5 ሴንቲ ሜትር ተዘጋጅቶ ለነሱ ብቻ ይውላል፤ በመረጃው ላይም ምልክት ይደረግበታል።

ኅዳር መጨረሻ፦ ልብ ምትና ፋይል

የሚለካው ልብ ከመምታቱ በፊት ባለው ቅጽበት ነው፣ በኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ቀረጻ) ላይ ከፍ ባለው የአር ሞገድ ጫፍ። ደም ሲገፋ ቧንቧው ይሰፋል፣ ግድግዳው ይሳሳል፦ የውስጥ ስፋቱ ከ6.0 ወደ 6.4 ሚሊ ሜትር ሲሄድ 0.60 የነበረው ግድግዳ 0.57 ይሆናል። ኢሲጂ የሌለው ማሽን ላይ ቢያንስ 5 ሰከንድ ተቀርጾ ስፋቱ ትንሹ የሆነበት ፍሬም ይመረጣል። ሦስት የኢሲጂ ገመድ ማሰር ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ፋይሉ ያልተጨመቀ ዳይኮም (የሕክምና ምስል ፋይል ዓይነት) ሆኖ ይወጣል። ስክሪኑን በስልክ ማንሳትም፣ በጄፔግ ማውጣትም፣ በፍላሽ ላይ እንደ ተራ ቪዲዮ መገልበጥም አይፈቀድም፤ የፒክስሉ መጠን የሚጻፈው ዳይኮሙ ውስጥ ነው፣ ጭመቃውም ጠርዙን ያጎድፋል። ፋይሉ በዚያኑ ዕለት ሁለት ቦታ ይቀመጣል።

ታኅሣሥ፦ ንባብ

ለኪው የተሳታፊውን ቡድን አያውቅም። ሶፍትዌሩ 10 ሚሊ ሜትሩን ተከትሎ ከመቶ በላይ ነጥቦች ላይ ለክቶ አማካይ ይሰጣል፤ ከፒክስል በታች መድረስ የሚቻለው በዚህ አማካይ ነው። ከፍተኛውን ነጥብ መውሰድ ግን በአንድ የተዛባ ፒክስል ይታለላል፤ ዋናው ውጤት አማካዩ ተብሎ አስቀድሞ ተመዝግቧል።

ሶፍትዌሩ የሚስትባቸው ቦታዎች ይደጋገማሉ። ከኢንቲማው በላይ ያለች ጭጋግ መሰል ተመላሽ ድምፅን እንደ ግድግዳ ይቆጥራል። የኢንቲማው መስመር ሲቆራረጥ ዘልሎ አድቬንቲሺያው ላይ ያርፍና ውፍረቱ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ለኪው እንዲያስተካክል ተፈቅዷል፣ ግን እያንዳንዱ እርማት ይመዘገባል፤ ከ10 ሚሊ ሜትሩ ሩብ በላይ በእጅ የተሳለበት ምስል ይጣላል። ጠርዙ ሳይታይ «እዚህ ጋ መሆን አለበት» ብሎ መሳል አይፈቀድም።

የድግግሞሽ ሙከራው የተለያዩ ሁለት ነገሮችን ይፈትሻል። ያንኑ ምስል ሁለቴ ማንበብ ለኪውን ብቻ ይፈትናል፤ ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ስለሆነ ብዙ ጽሑፎች ላይ የሚወጣው ይኸው ነው። ሰውየውን በሌላ ቀን፣ በሌላ ሶኖግራፈር እንደገና መቅረጽ ግን ሙሉውን ስህተት ያሳያል። ቢያንስ 30 ሰው ለዚህ ተመድቧል። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በ1.41 ሲካፈል የአንድ ልኬት ስህተት ይገኛል፦ 0.05 ከሆነ 0.035 ሚሊ ሜትር። አይሲሲ የተባለው፣ የልኬት ስህተትን ከሰዎች መለያየት ጋር የሚያነጻጽር ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ከ25 እስከ 75 ዓመት ያሉ ሰዎች ተቀላቅለው ሲለኩ ሰዎቹ እርስ በርስ በጣም ስለሚለያዩ ልኬቱ ደካማ ሆኖም አይሲሲው ከፍ ይላል። ስለዚህ ልዩነቱን ከአማካዩ ጋር የሚያሳየው የብላንድና አልትማን ግራፍ አብሮ ይወጣል።

በአፍሪካ ይህ ሥራ በስፋት የተሠራበት የአዊ-ጄን ጥናት ሲሆን በጋና፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ባሉ ስድስት ቦታዎች ተካሂዷል። ብዙ ቦታ ላይ ለሚሠራ ጥናት የሶኖግራፈሮች በአንድ ላይ መሠልጠንና ንባቡ በአንድ ማዕከል መሆኑ የማይታለፍ ነው፤ አለዚያ በአገር መካከል የታየው ልዩነት የእጅ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ጥር፦ ፕላክና ያልታሰበ ግኝት

ፕላክ ከውፍረቱ ተለይቶ ይመዘገባል። የማንሃይም ስምምነት በተባለው የባለሙያዎች መግባባት መሠረት ፕላክ የሚባለው ወደ ውስጥ ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር የገባ፣ ወይም በዙሪያው ካለው ግድግዳ በ50 በመቶ የወፈረ፣ ወይም ጠቅላላ ውፍረቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ያለፈ ነው። በቁመትም በአግድምም ካልታየ አይቆጠርም፤ በአንድ እይታ ብቻ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በሰያፍ የተቆረጠ ግድግዳ ነው። ስብ የበዛበት ፕላክ ከደሙ ጋር ጥቁር ሆኖ ስለሚመሳሰል የደም ፍሰትን በቀለም በሚያሳየው ዶፕለር ይፈለጋል፤ ቀለሙ ሳይሞላ የሚቀር ጉድጓድ ካለ እሱ ነው። ካልሲየም ያለበት ፕላክ ከሥሩ ጥላ ይጥላል፤ ጥላው በራቀው ግድግዳ ላይ ካረፈ ያ ማዕዘን ይተዋል። በእኛ ግምት ጊዜና እጅ ካነሰ ከውፍረቱ ይልቅ ፕላክ ላይ ማተኮር ይሻላል፤ ስለ አደጋ የሚናገረው ይበልጥ እሱ ነው።

ለተሳታፊው የውፍረት ቁጥር አይሰጥም። የሚላከው ለሕክምና የሚበቃ ግኝት ብቻ ነው። የደሙ ከፍተኛ ፍጥነት በውስጥ ቅርንጫፉ ላይ በሰከንድ 125 ሴንቲ ሜትር ሲደርስና ፕላክ ሲታይ 50 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጥበት፣ ከ230 ሲያልፍ 70 በመቶና በላይ ይጠረጠራል። የዶፕለር ማዕዘኑ ከ60 ዲግሪ አይብለጥ፤ ትክክለኛው 60 ሆኖ ሳለ 65 ተብሎ ቢስተካከል ፍጥነቱ በ18 በመቶ ይጋነናል፣ 110 የነበረው 130 ይሆናል፣ ጤነኛውም ሰው በከንቱ ይደነግጣል። የታይሮይድ እጢና ያበጠ ንፍፊት ስክሪኑ ላይ መታየታቸው አይቀርም፤ ማን ያያቸዋል፣ ወዴት ይላካሉ የሚለው በሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰነድ ላይ ተጽፏል። ሶኖግራፈሩ አልጋው አጠገብ «ደም ስርዎ ተደፍኗል» እንዳይል፣ ፊቱም እንዳይናገር ሥልጠናው ላይ ተካቷል።

የካቲት፦ ለክትትል ዙር መዝጊያ

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሰው ሲመለስ ሶኖግራፈሩ የመጀመሪያውን ምስል ጎን ለጎን አይቶ ማዕዘኑን፣ የደም መልሱን አቀማመጥና የባልቡን ቦታ ያመሳስላል። ለኪው ግን የቱ ምስል ቀዳሚ እንደሆነ አያውቅም፤ የሁለቱም ዙር ምስሎች ተደባልቀው በአንድ ሰው፣ በአንድ ሶፍትዌር እትም ይነበባሉ። የመጀመሪያው ዙር ዛሬ፣ ሁለተኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ለየብቻ ከተነበቡ የለኪው ዓይን መንሸራተት የደም ቅዳ ለውጥ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ የአሁኑ ንባብ ጊዜያዊ ተብሎ ተመዝግቧል።

የማሽኑ አውቶማቲክ ማሻሻያ ጠፍቷል፤ የእትም ቁጥሩ በየወሩ ይጻፋል። ማሽን ወይም ፕሮብ የግድ ከተቀየረ አሮጌው ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ደርዘን ሰዎች በሁለቱም ላይ ይቀረጻሉ፣ ልዩነቱም ይሰላል። አንድ ወይም ሁለት ኤለመንት (ድምፅ የሚልክና የሚቀበል ጥቃቅን ክፍል) የሞተበት ፕሮብ በምስሉ ላይ ቀጭን ጥቁር ሽንጥር ይፈጥራል፤ ጄል የሌለበትን የፕሮብ ፊት በአየር ላይ እያሠሩ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ማንሸራተት የትኛው ኤለመንት እንደማይመልስ ያሳያል። ፍተሻው ከሳምንታዊው ዝርዝር ጋር ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት ይደረጋል። ፕሮቡ የሚጸዳው አምራቹ በፈቀደው ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ንጹሕ አልኮል የአንዳንዱን ፕሮብ ላስቲክ ያደርቃል፣ ከዚያም ይሰነጥቀዋል።